የጥርኝ ውኃ ሚዛን፤ ኃጢአትና ፍርድ በበላኤ ሰብእ ትረካ

የበላኤ ሰብእን ታሪክ ያልሰማ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን በሚውለው የኪዳነ ምሕረት በዓል ይተረካል፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ይሣላል፤ ብዙዎቻችን በልጅነታችን ከእናቶቻችን አፍ ሰምተነዋል። ይህን ያህል የታወቀ ትረካ ግን በሥነ ጽሑፍ ሂስ ዐይን ሲመረመር እምብዛም አይታይም። የነገረ መለኮት ሰዎች የእኛ ነው ብለው ይዘውታል፤ እኛ የሥነ ጽሑፍ መምህራንም የእነርሱ ነው ብለን ትተንላቸዋል። በመካከሉ ትረካው እንደ ትረካ ሳይነበብ ቀርቷል። በዚህ ጽሑፍ የምሞክረው የእግዚአብሔር ፍርድና የሰው ኃጢአት በዚህ ታሪክ ውስጥ እንዴት እንደ ተቀረጹ፣ የትረካው አሠራር ከሚያስተምረው ትምህርት ጋር የት እንደሚገናኝና የት እንደሚጣላ ለማየት ነው። ሃይማኖቱን ለመከላከልም ሆነ ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ ይሁንና ታሪኩን በትክክል ማንበብ ለሁለቱም ወገን የሚተርፍ ነገር ያለው ይመስለኛል።

ታሪኩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ቅምር በምትባል ሀገር የሚኖር አንድ ክርስቲያን የሰው ሥጋ ይበላ ነበር። ወዳጅ ዘመዱን፣ የገዛ ቤተሰቡንም ሳይቀር እየበላ የሰዎቹ ቁጥር 78 ደረሰ። በቤቱ የቀረ ሰው ሲያጣ ውኃ ይዞ ወጣ። በመንገድ ላይ ገላው በቁስል የተመታ፣ በውኃ ጥም የተያዘ ድኻ አገኘ። ድኻው በእግዚአብሔር ስም ለመነው፤ እንቢ አለ። በቅዱሳን ስም ለመነው፤ አሁንም እንቢ አለ። በመጨረሻ በእመቤታችን በማርያም ስም ሲለምነው ግን ቆመ። ይህችን ስም በልጅነቱ ሰምቷት እንደ ነበር ትዝ አለውና ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ከዚያም ሞተ። ነፍሱ ለፍርድ በቀረበች ጊዜ በሚዛኑ በአንዱ ወገን 78ቱ ነፍሳት፣ በሌላው ወገን ጥርኝ ውኃዋ ተደረገች። የነፍሳቱ ወገን ደፋ። እመቤታችን ጥላዋን በውኃው ላይ ብታሳርፍ የውኃው ወገን መዘነ፤ በላኤ ሰብእም ዳነ።

ስለ ጽሑፉ አመጣጥ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ተአምረ ማርያም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በዐፄ ዳዊት ዘመነ መንግሥት (1382–1413 እ.ኤ.አ.) እንደ ሆነ ይታመናል። የዐረብኛው ስብስብም በበኩሉ በመካከለኛው ዘመን በምዕራብ አውሮፓ ከተሰበሰቡት የማርያም ተአምራት ብዙ ወርሷል። ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) መጽሐፉ በቤተ ክርስቲያን በሥርዓት እንዲነበብ ካዘዙ በኋላ ሀገር በቀል ተአምራት እየተጨመሩበት ሄደዋል። ስለዚህ አንድ ደራሲ፣ አንድ ዘመን፣ አንድ የጸና ቅጂ ያለው ድርሰት አይደለም፤ ከብራና ብራና የተአምራቱ ቁጥርም ቅደም ተከተልም ይለያያል። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1943 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የስብስቡን ጉዞ በሰፊው ተከታትለዋል። እኔን እዚህ የሚያሳስበኝ ግን ታሪኩ ከየት መጣ ከሚለው ይልቅ በእኛ ዘንድ ምን ሆነ የሚለው ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ታሪኮች መካከል ከብራናው ወጥቶ በግድግዳ፣ በስብከትና በቤት ውስጥ ጨዋታ እንዲህ የተስፋፋ ጥቂት ነው።

ይህን ትረካ በክፍል ውስጥ ባነሣሁ ቁጥር ከተማሪዎች የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ለሰባ ስምንት ነፍስ ጥርኝ ውኃ? ጥያቄው የተማሪ ብቻ አይደለም። ከቤተ ክርስቲያኒቱ ውጭ ያሉ ተቺዎች ታሪኩ ፍርድን ያፈርሳል፣ ኃጢአትን ያረክሳል፣ ሰው የፈለገውን አድርጎ በአንዲት ትንሽ በጎ ሥራ ያመልጣል የሚል ትምህርት ይሰጣል ይላሉ። ከውስጥ ያሉት ተከላካዮች ደግሞ ጥርኝ ውኃዋ በተጠራው ስም ምክንያት እጅግ ከብዳለች ብለው ይመልሳሉ። ልብ ብሎ ላዳመጠ ግን ሁለቱም ወገኖች የሚሠሩት አንድ ሒሳብ ነው። አንዱ ድምሩ ትክክል አይደለም ይላል፤ ሌላው ለአንደኛው አኀዝ ከፍ ያለ ዋጋ ይሰጥና ድምሩ ትክክል ነው ይላል። የታሪኩ አሠራር ከዚህ ሒሳብ ጋር የሚስማማ መሆኑን የጠየቀ አላጋጠመኝም።

ሚዛን የቆየ ምስል ነው። በጥንታዊት ግብፅ የሟች ልብ ከላባ ጋር ይመዘን ነበር። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 5 ንጉሡ ብልጣሶር ተመዝኖ ቀሎ መገኘቱ በግድግዳ ላይ በተጻፈው ጽሕፈት ተገልጾለታል። በእስልምናም የፍርድ ቀን ሚዛን የታወቀ ነው። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ቅዱስ ሚካኤል ነፍሳትን ሲመዝን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በብዛት ተሥሏል። የዚህ ምስል ጠባይ አንባቢውን ቆጣሪ ማድረጉ ነው፤ ሚዛን ያየ ሰው ዐይኑ ወደ ምላሱ ይሄዳል። የእኛም ተራኪ ይህን ጠባይ በሚገባ ተጠቅሞበታል። የተበሉትን ሰዎች «ብዙዎች» ብሎ ማለፍ ሲችል 78 አለን። ሰባ ቢል ወይም መቶ ቢል ምሳሌያዊ ቁጥር ነው ብለን እናልፈው ነበር። 78 ግን ክብ ያልሆነ፣ አንድ ሰው ተቀምጦ አንድ በአንድ የቆጠረው የሚመስል ቁጥር ነው። የሚረሳ ሰው እንዳይኖር የተጠነቀቀ መዝገብ ይመስላል። ተራኪው ሒሳቡን እንድንጀምር ይገፋፋናል ማለት ነው።

ከዚያም ሚዛኑ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ልብ የማንለው ነጥብ ይህ ነው። ጥርኝ ውኃዋ በራሷ መዝና ቢሆን ኖሮ ተቺዎቹ እውነት ይኖራቸው ነበር፤ ታሪኩም ስለ ዋጋ የሚናገር፣ ይህን ሰጥተህ ያን ግዛ የሚል ታሪክ በሆነ ነበር። ነገር ግን አልመዘነችም። የነፍሳቱ ወገን ደፋ። በልክ በሚሠጥ ፍርድ በላኤ ሰብእ ጥፋተኛ ነው፤ ትረካውም ይህን ፍርድ አልሸሸገም፣ አላለዘበም። የሚከራከሩ አጋንንት ሐሰት ተናገሩ አላለም፤ ቁጥሩ ተሳስቷል አላለም። ሰው የሠራው በጎ ሥራ የሠራውን ክፉ ሥራ ሊክስ እንደማይችል በዐይናችን ካሳየን በኋላ ነው ሌላው ነገር የመጣው።

የመጣውም ጥላ ነው። በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። በእንግሊዝ ሀገር በመካከለኛው ዘመን በተሣሉ አንዳንድ የግድግዳ ሥዕሎች ማርያም በሚዛኑ ላይ መቁጠሪያዋን ስታኖር ትታያለች። ይህ ሚዛኑን በሚዛኑ ሕግ ማሸነፍ ነው፤ ክብደት በክብደት ላይ ይጨመራል። የእኛ ትረካ የመረጠው ግን በሚታየውና በሚዳሰሰው ዓለም ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ምንም ክብደት የሌለውን ነው። ጥላ አይመዘንም። ጥላ አርፎበት የከበደ ዕቃ የለም። እንግዲህ ተራኪው ሒሳቡን አስጀምሮን፣ ድምሩን ራሱ አውጥቶ፣ መጨረሻ ላይ ሒሳቡ ሊይዘው በማይችለው ነገር ይሰብረዋል። በግእዝ ጥላ ማለት ጽላሎት ነው፤ ግሡም ጸለለ። የግእዙን ወንጌል የሚያውቅ ሰሚ ይህ ግሥ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 በመልአኩ ብሥራት ውስጥ፣ የልዑል ኃይል በድንግል ላይ እንደሚያርፍ በተነገረበት ቦታ መኖሩን አይስተውም። በብሥራቱ የተጸለለባት አሁን ራሷ ትጸልላለች። ምሕረቱ ከሚዛኑ ወገን የመጣ አይደለም፤ ከሌላ ሥርዓት ነው። አማላጅነትን የማይቀበል አንባቢ እንኳ ይህን የምስል አሠራር ሊያደንቅ ይችላል፤ እኔ ከአብዛኞቹ የአውሮፓ አቻዎቹ የረቀቀ ሆኖ አግኝቸዋለሁ።

እንዲህ ከሆነ ውኃው ለምን አስፈለገ? ሁሉን ያደረገው ጥላው ከሆነ ባዶ ሚዛን ላይም ሊያርፍ ይችል ነበር የሚል ይኖራል። መልሱን የማገኘው ከልመናው ትዕይንት ነው። ድኻው ሦስት ጊዜ ለመነ፤ ሦስተኛው ሠመረ። በሰሜኑም ሆነ በመሐል ሀገር በገጠር ያደገ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲጠራ የኖረው በዚሁ ቃል ነው። ታሪኩን የሚሰማው ምእመን ከአንድ ሰዓት በፊት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲገባ በዚሁ ስም ተለምኖ ሊሆን ይችላል፤ አልፎ ሄዶም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትረካው ሰሚውን የሚያስቀምጠው በዳኛው ወንበር ላይ አይደለም፤ በበላኤ ሰብእ እግር ላይ ያቆመዋል። ሰው በላ አይደለሁም ብሎ ሲጽናና፣ በሁለቱ ልመናዎች እንቢ ያለው ግን ራሱ መሆኑን ያስታውሳል።

ውኃውም የዘፈቀደ ምርጫ አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ለታናናሾቹ ቀዝቃዛ ውኃ ያጠጣ ዋጋው እንደማይጠፋበት ተነግሯል። በምዕራፍ 25 ደግሞ በታላቁ የፍርድ ቀን በቀኝና በግራ የሚቆሙት የሚለዩት ለተራበ በማብላት፣ ለተጠማ በማጠጣት ነው። የበላኤ ሰብእ ትረካ ይህን ምዕራፍ ወስዶ እስከ መጨረሻው ጫፍ የገፋው ይመስለኛል። ወንጌሉ ያበላና ያላበላ፣ ያጠጣና ያላጠጣ ይላል፤ ተራኪው ደግሞ ያላበላ ብቻ ሳይሆን ሰውን የበላ፣ ነገር ግን አንድ ጊዜ ያጠጣ ሰው ቢመጣስ ብሎ ይጠይቃል። እርግጥ ነው፣ በማቴዎስ ወንጌል ፍርድ ውስጥ አማላጅ የለም፤ ይህን ልዩነት ሳይጠቅሱ ሁለቱን ማጣበቅ ታማኝነት አይሆንም። ግን ታሪኩ ወንጌሉን የማያውቅ የተረት ልጅ ነው የሚለው ነቀፋ አይጸናም።

የምስሎቹንም ትስስር ልብ ይሏል። ታሪኩ ከዳር እስከ ዳር የአፍ ታሪክ ነው። ሰው ለበላኤ ሰብእ ወደ አፉ የሚገባ ነገር ነበር። ከድኻው ጋር ሲገናኝ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ከእርሱ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው አፍ ገባ። ስለ ልቡ ለውጥ ብዙ አልተነገረንም። አንዳንዶች ከዚያ በኋላ በዋሻ ገብቶ ማልቀሱን ያክላሉ፤ ይህም ንስሐን ለማስተማር የሚመች ነው። ያም ሆኖ በፍርዱ ትዕይንት ላይ እንባ በሚዛን አልተቀመጠም፤ የተቀመጠው ውኃው ብቻ ነው። ተራኪው ከስሜት ይልቅ ለድኻው የደረሰውን ነገር መርጧል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ እመጣለሁ። ታሪኩ በቃልና በስብከት ሲነገር ብዙ ጊዜ አንድ መቅድም ይኖረዋል። በዚህ መቅድም በላኤ ሰብእ ቀድሞ እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ፣ ደግ ሰው ነበር፤ ሥላሴን በቤቱ ለማስተናገድ ይመኝ ነበር። ሰይጣንም ይህን ምኞቱን ዐውቆ በሦስት ሽማግሌዎች አምሳል መጣበት። ከብት ሊያርድላቸው ሲነሣ ልጁን እንዲያርድ ጠየቁት፤ እርሱም አረደ። ከሥጋውም አስቀድሞ እንዲቀምስ አደረጉት። ከዚያ ወዲያ አእምሮው ተለወጠ፤ ሌላ ምግብ አላሰኘው አለ።

መቅድሙ በሥነ ጽሑፍ ዐይን ሲታይ የሚናቅ አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 ያለውን የእንግድነት ታሪክና በምዕራፍ 22 ያለውን የይስሐቅን መሥዋዕት አንድ ላይ ፈትሎ ገልብጧቸዋል፤ እንግዶቹ ሐሰተኞች ናቸው፣ ቢላዋው አይያዝም፣ በጉም አይመጣም። ይህን ያሰበው ሰው መጻሕፍቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ የአስፈሪ ነገር ጣዕም ያለው ተራኪ ነበር። ተራኪዎች መቅድሙን የሚወዱበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ሰሚው «ሰው እንዴት እዚህ ይደርሳል?» ብሎ ይጠይቃል፤ መቅድሙ ይመልስለታል። ከዚህም በላይ የምሕረቱን ነገር ለመቀበል ቀላል ያደርገዋል፤ ተታሎ የወደቀ ደግ ሰው ቢማር ማን ያማርራል?

ይሁንና ዋጋው ከባድ ነው። በመቅድሙ የመጀመሪያው ግድያ መታዘዝ ይሆናል፤ የቀሩት 77ቱ ደግሞ በሽታ ይሆናሉ። እንግዲያስ በሚዛኑ ላይ ምን ተቀመጠ? ለታመመ ሰው የሚያስፈልገው ሐኪም ወይም ጠበል ነው፤ በሚዛን ፊት ማቆም ግፍ ነው። ኃጢአቱ ከእጁ ተወስዶ ለሰይጣን ከተሰጠ ፍርዱ ምክንያት ያጣል፤ ፍርድ ምክንያት ሲያጣ ደግሞ ምሕረትም ትርጉም ያጣል፤ ይቅር የሚባል ጥፋት የለምና። ተራኪዎቹ የምሕረቱን ነገር ለማቅለል ብለው ምሕረቱን ራሱን አውጥተው ጣሉት ማለት ነው። የክርስትናው ትምህርት በዚህ ረገድ ከእነርሱ ይልቅ የጸና ነው። በዘፍጥረት ምዕራፍ 3 አዳም በሔዋን፣ ሔዋን በእባቡ አመካኝተዋል፤ እባቡ መረገሙ አልቀረም፤ እነርሱም ግን ከፍርዱ አላመለጡም። አታላይ መኖሩ የተታለለውን ኃላፊነት አያነሣም።

መቅድም የሌለው ትረካ ግን እንዲያው በደፈናው ይበላ ነበር ይላል። ምክንያት አይሰጥም። ዘመናዊ ልቦለድ ያነበበ ተማሪ ይህን የገፀ ባሕርይ አቀራረጽ ድክመት ይለዋል፤ ከየት እንደ ተነሣ፣ ምን እንዳሳደገው አልተነገረምና። እኔ ግን ጥንካሬው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ምክንያቱ ባልተነገረበት ቦታ ድርጊቱና አድራጊው ተፋጠው ይቀራሉ። ሰሚው የሚሸሽበት ጥግ አያገኝም። ጥላው በሚያርፍበት ጊዜ ያረፈው በእውነተኛ ጥፋተኛ ሥራ ላይ ነው፤ አስደንጋጭነቱም ሙሉ ነው።

ይህ የመቅድም ፍላጎት የሰባኪዎች ብቻ እንዳልሆነ መናገር ይገባል። ዘመናዊው ሥነ ጽሑፋችን ኃጢአት የሚለውን ቃል ቢተወውም ጥያቄውን አልተወውም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን የሳሉት ወላጆቹ ባደረጉት ስእለት የታሰረ፣ ሳይበድል የእግዚአብሔርን ቁጣ የሚፈራ ወጣት አድርገው ነው። ከበላኤ ሰብእ ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ፍጹም ተቃራኒው ነው፤ ያ በድሎ አይፈራም፣ ይህ ሳይበድል ይፈራል። ደራሲው በጉዱ ካሣ አፍ ልማዱንና የባላባቱን ሥርዓት ይከሳሉ፤ ነገር ግን ፊታውራሪ መሸሻን የሥርዓቱ አሻንጉሊት ብቻ አላደረጓቸውም፤ ትዕቢታቸው የራሳቸው ነው። በኋላ በአብዮቱ ዘመን በተጻፉት ብዙ ድርሰቶች ግን ይህ ሚዛን ጠፍቷል። ክፉ ሰው የመደቡ ውጤት፣ ግድያውም የሥርዓቱ ሥራ ሆነ። ያን ጊዜ «ሥርዓት» የሚለው ቃል በመቅድሙ ውስጥ ሰይጣን የሚሠራውን ሥራ ይሠራ ጀመር፤ ደም ያለበትን እጅ ማጠብ። የሰይጣኑ መቅድም በትረካ ረገድ ከዚህ የሚሻልበት አንድ ነገር አለ፤ ቢያንስ ልጁ የታረደበትን ቤት አስገብቶ ያሳየናል።

እስካሁን ትረካውን ሳመሰግን ቆይቻለሁ፤ አንድ ቦታ ግን ከእርሱ ጋር አልስማማም። 78ቱ አይናገሩም። በሚዛን ላይ ተቀምጠዋል፤ ክብደት ናቸው፤ ቁጥር ናቸው። አጋንንቱ ይከራከራሉ፣ እመቤታችን ትለምናለች፣ ጌታ ይፈርዳል፤ የተበሉት ዝም ይላሉ። በሕይወታቸው ሥጋ ሆነው ተበሉ፤ በፍርዱ ቦታ ደግሞ መመዘኛ ሆኑ። ትረካው ምሕረት ከሒሳብ በላይ መሆኑን ለማሳየት የተጠቀመባቸው እነርሱን በሒሳብ ውስጥ በመተው ነው። ይህን ቀዳዳ በነገረ መለኮት ማብራሪያ መድፈን ይቻል ይሆናል፤ በጽሑፉ ውስጥ ግን አልተደፈነም፤ የጸሐፊው ዐይን ከአጥፊው ላይ አልተነሣም። ተማሪዎቼ «ለሰባ ስምንት ነፍስ?» ሲሉ፣ ከሒሳቡ ሥር ያለው ቅሬታ ይህ ይመስለኛል።

ሠዓሊዎቹ ከጸሐፊዎቹ ቀድመው ይህን ያወቁ ይመስላል። በጣና ሐይቅ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ላይ የሚገኘውን የዑራ ኪዳነ ምሕረትን መቅደስ ግድግዳ ያየ ሰው በላኤ ሰብእን አይቶታል። ሠዓሊ ቁጥር መሣል አይችልም። 78 ብሎ ማለፍ አይሆንለትም፤ በአፉ ላይ የያዘውን የሰው አካል መሣል ግድ ይሆንበታል፤ እጅ ወይም እግር፣ የአንድ የሆነ ሰው። ብራናው በአኀዝ የጠቀለለውን ሥዕሉ ፈትቶ በዐይናችን ፊት ያኖረዋል። ታሪኩን በሥዕል ያወቀ ገበሬ፣ በንባብ ካወቀው ደብተራ ይልቅ ለሟቾቹ የቀረበ ይመስለኛል።

ነገሩ የብራና ጨዋታ ብቻ አይደለም። የቀይ ሽብር ችሎት በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተጀምሮ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ውሳኔ ተሰጠበት። በ2003 ዓ.ም. የሃይማኖት መሪዎች የይቅርታ ሽምግልና ውስጥ ገቡ፤ በዚያው ዓመት ሞት የተፈረደባቸው የደርግ ባለሥልጣናት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ያን ጊዜ የተነሣው ጥያቄ፣ በሟች ስም ይቅር የሚለው ማን ነው የሚለው፣ የበላኤ ሰብእ ትረካ ሳይመልስ የተወው ጥያቄ ነው። ትረካው የእግዚአብሔርን ይቅርታ ይናገራል፤ የተበሉትን ይቅርታ አልጠየቀም፣ አላገኘምም። ሽምግልና ላይ የሚቀመጥ ሰው በዚህ ታሪክ ሲጠቅስ እሰማለሁ፤ ታሪኩ ያልተናገረውን እንዲናገር ማድረግ ነው።

ከሚዛኑ ምስል ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። የውኃው ወገን ሲደፋ ሌላው ወገን ወደ ላይ ከፍ ማለቱ የሚዛን ግዴታ ነው። 78ቱ ወደ ላይ ይወጣሉ። ጸሐፊው ይህን አስቦበታል ለማለት የሚያበቃ ቃል በጽሑፉ ውስጥ የለም፤ ከዚያ በኋላ የት እንደ ደረሱም አልተነገረም። በክፍል ውስጥ ታሪኩን ሳቀርብ መቅድም የሌለውንና መቅድም ያለውን ጎን ለጎን ሰጥቼ፣ ተማሪዎች በየትኛው ውስጥ 78ቱ ይበልጥ እንደሚታዩ እንዲጽፉ አደርጋለሁ። አብዛኞቹ መቅድም ያለውን ይመርጣሉ፤ በእርሱ ውስጥ ቢያንስ አንደኛው፣ ልጁ፣ ሊታረድ ሲቀርብ ይታያልና። በዚህ ነጥብ ላይ እውነታቸውን ነው።